የእማማ ፊሽካ ግጥሚያ

ሟቹ ባላቸው የኳስ ዳኛ ስለነበሩ ሰፈርተኛው እማማ ፊሽካ ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይጠሉትም። ባልየው ያጫወቱት የመጨረሻ ግጥሚያ ከቴሌቪዥን ተቀድቶ፣ ቤታቸው ባለው የቴሌቪዥን መቅጃ ማሽን ውስጥ ተቀምጧል። መቅጃው ግን ምራታቸው በምትቀዳው ድራማ ታፍኖ ሞላ፤ ከሞላ ደግሞ አሮጌውን እየሰረዘ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። ተረኛው ተሰራዥ ግጥሚያው ነው።

እማማ ፊሽካ ሃርድ ዲስክ ገዝተው ቢሰኩበት፣ ማሽኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አልቀበልም ብሎ ድርቅ አለ። በማግስቱ መቅጃውን የሸጠላቸው ኩባንያ ቢሮ ሄደው መስኮቱ ላይ ያለውን ሠራተኛ አፋጠጡት።

“ዲስኩ የማነው?”

“የእርስዎ ነው፣ እማማ።”

“መቅጃውስ?”

“እሱም የእርስዎ። ግን ዲስክ ላይ ለመቅዳት በየወሩ ክፍያ አለው።”

“በገዛ ቁም ሳጥኔ ልብሴን ለመስቀል ኪራይ ልክፈልህ? ሂድ፣ ሞኝህን ፈልግ!”

ቤት እንደገቡ ሪሞቱን ከምራታቸው እጅ መነጨቁ። ፊደል ባይቆጥሩም ከየቅጂው ጎን ያለችውን ትንሽ ሥዕል ያያሉ፤ ሰው የሚያለቅስበት ከሆነ ያለ ርኅራኄ ይሰርዛሉ።

“ኧረ እማዬ፣ መጨረሻውን አላየሁትም!”

“እኔ ልንገርሽ፤ ታገባዋለች፣ ከዚያ ይቆጫታል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ድራማ በሰዓቱ ይታያል እንጂ አይቀዳም።”

ግጥሚያው ብቻውን ሲቀር ከፈቱት። ጥቁር የለበሱት ባላቸው ፊሽካቸውን ነፍተው አንዱን አጥቂ በቀይ ካርድ አባረሩ። ምራትየው አኩርፋ ስታይ ቆየችና አላስችል ብሏት ጠየቀች።

“ለመሆኑ ማን አሸነፈ?”

“ዳኛው ነዋ!” አሉ እማማ ፊሽካ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።