የአቾላ መስመር

አቾላ እርጥቡን ገመድ እየጠቀለለች ቋጠሮዎቹን በጣቷ ትዳስሳለች። ጠንካራ ነው። በመቅዘፊያ ጫፍ አሸዋው ላይ ካሰመረችው መስመር በስተቀኝ አኖረችው።

ነገ የአውራጃው እሳት አደጋ ሠራተኞችና የሐይቅ ጠባቂዎቹ ይመጣሉ። ከእንግዲህ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሰው ሲሰምጥ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሦስቱም አብረው ሊወጡ ነውና፣ ማን ምን እንደሚችል አስቀድመው ይነጋገራሉ። የኮጎላ ዓሣ አጥማጆች ነፍስ አድን ማኅበር ሊቀ መንበር አቾላም የማኅበሯን ብርቱ በቀኝ፣ ደካማውን በግራ እየለየች ነው።

"ራዲዮኑስ?" አለ ዋናተኛው ኦቢዬሮ።

"ከደሴቱ ወዲያ ይሰማል?"

"ከደሴቱ ወዲህም እኛው ካልጮህን አይሰማም።"

"ግራ።"

የማኅበሩ ጸሐፊ ሽማግሌው ኛንግዌሶ የተገለበጠች ጀልባ ላይ ተቀምጠው ኦሜና የሚባለውን የደረቀ ትንንሽ ዓሣ ይቆረጥማሉ። የግራው ክምር ባደገ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል።

"አንቺ፣ አማች ሲመጣ የተቀደደ ልብስ ደጅ ይዘረጋል እንዴ? ይህን ካዩ ነገ ጀልባችን ላይ የራሳቸውን ስም ነው የሚጽፉባት!"

"የሌለንን አለን ብለን በማዕበል መሃል አምጡ ቢሉንስ አባባ? የሚሰምጠው የእኛው ልጅ ነው።"

"ሐይቁን ማወቃችንንስ የት ልታኖሪው ነው? ነፋሱ በየት እንደሚዞር ከእኛ ሌላ ማን ያውቃል?"

አቾላ ሳቀች። መቅዘፊያውን በቀኝ በኩል ቀጥ አድርጋ ተከለችው። "ይኸው። ከሩቅ ይታያል።"

"አሁን ገባሽ!" አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ኦቢዬሮ ዘሎ መቅዘፊያው አጠገብ ቆመና እንደ ሙሽራ ተጎማለለ። "ዋናተኛውም በቀኝ! መሪዋስ?" አለ። ወዲያው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

ባለፈው ወር፣ አመሻሽ ላይ፣ ጀልባ ተገልብጦበት ወደሚንሳፈፍ ሰው ሲበሩ፣ ጀልባዋን የምትመራው አቾላ ጭንቅላቱን አላየችውም ነበር። ኦቢዬሮ "ወደ ግራ!" ብሎ ባይጮህ ኖሮ በላዩ ላይ ትሄድበት ነበር። ሰውየው ተረፈ። እሷ በማዕበሉ አሳበበች፤ ጓደኞቿም ያመኑ መሰሉ። ዓይኗ ግን ሲመሽ መድከም ከጀመረ ከርሟል።

የሞተሩን ቁልፍ ከአንገቷ አወለቀች።

"የኦኮት እናት፣ ተይው" አሉ ኛንግዌሶ በልጇ ስም ጠርተዋት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይህቺ እንኳ ከእኛ ጋር ትቅር።"

"በፀሐይ እዚህ ሐይቅ ላይ እኔን የሚቀድም ካለ ይምጣ! ከመሸ ግን መሪ የለንም። ጠባቂዎቹ አላቸው፤ አንዱን እንጠይቃለን። ነገ የምነግራቸውም እኔው ነኝ፤ አንገቴን ሳልደፋ።"

ሽማግሌው ከጀልባዋ ላይ ተነሡላት።

አቾላ ቁልፉን በግራ፣ ከራዲዮኑ አጠገብ አኖረች። አሮጌውን ሸራ በሁለቱም ክምሮች ላይ ዘረጋች፣ ጠርዙን በድንጋይ ጫነች፣ እጇንም በቀሚሷ ጠረገች።