በሰባ ስምንት የተወለደችው

ሙሄዲን እናቱን በአውሮፕላን በሸኘ ማግስት፣ ዐሱር ሰግጄ ስመለስ የሱቄ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሱቅ ማለቴ ካርቱም ዴም በሚባለው ሰፈር ከሸዋዓለም ሻይ ቤት ጎን የተለጠፈች፣ ራዲዮ የምጠግንባት ክፍል ናት። ከፍቼ አስገባሁት። የሚጠገን ራዲዮ ስላልያዘ ምን ፈለግህ አላልኩትም። ከአጭሯ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አቀፈ።

«ጋሼ፣ ደብተሩን ከእርስዎ ከወሰድኩ ዛሬ ዓመት ሆነኝ» አለ።

ደብተሩ የማኅበራችን ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተሰደን ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም የገባን ሰዎች የምንቀባበርበት ማኅበር አለን። ማን መጣ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሄደ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሄዲን ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ በእናቱ በሬሕማ ጀርባ ነው ድንበር የተሻገረው። ኋላ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር ተምሮ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ወጣው። አምና ስደተኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ ቢሮ የቤተሰቦቻችን ዝርዝር በኮምፒውተር ተሠርቶ ይምጣ ሲል፣ ከእሱ ሌላ ማንን እንጠይቃለን።

«ሦስት ወር ሠራሁት» አለ። «የትውልድ ዓመት ብቻ ትሰጠዋለህ፣ ዕድሜውን ራሱ ያሰላል። ከሃያ አንድ በታች የሆነውን ከወላጁ ጋር ያስቀምጠዋል፣ የበለጠውን ለብቻው ያወጣዋል። ሰው ማየት አያስፈልገውም። ወላሂ ጋሼ፣ ያኮራኝ ይሄ ነበር። ሰው ማየት አያስፈልገውም እያልኩ ለስንቱ አወራሁ።»

ትዝ ይለኛል። ወረቀቱ ታትሞ የመጣ ቀን ሸዋዓለም ብርጭቆ እያጠበች፣ «እስቲ ማሽንህ ባልም የሚያወጣ እንደሆነ ጠይቅልኝ» ብላው ነበር። «የትውልድ ዓመትሽን ካልዋሸሽ ያወጣል» ሲላት ሻይ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ከዝርዝሩ መጀመሪያ የተጠራችው ሬሕማ ሆነች። ስኳሯ አንዱን ዓይኗን ወስዶ ሌላውን ጀምሮታል። የምትራመደው በልጇ በናስራ ትከሻ ነው፤ መድኃኒቷን የምትወጋት ናስራ፣ መንገድ የምታሻግራት ናስራ። አብራት እንድትሄድ ነበር ሐሳቡ። ደብዳቤው ሲመጣ ሬሕማ ተፈቅዶላታል፣ ናስራ ግን ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው ተብላ ቀርታለች። ናስራ ድንኳን ውስጥ ስትወለድ ውሃ ያቀበልኩ እኔ ነኝ። እውነተኛ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር።

«የደብተሩ መጀመሪያ ገጾች ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ዓመታቸው እንደ ፈረንጅ ነው» አለ ሙሄዲን። «እሱን አየሁና በእኛ የተጻፈውንም ሁሉ እንደዚያው አስገባሁ። እህቴንም ራሴ ነኝ የጻፍኳት። 1978። ከልጅነቴ ጀምሮ እማዬ ‹ናስራ በሰባ ስምንት› ስትል ነው የሰማሁት። ቁጥሩን ሳየው ደስ አለኝ፤ የማውቀው ቁጥር ነዋ። የሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት እጠራጠር ነበር።»

የሌሎቹን ስህተት ተራቸው ስላልደረሰ ማኅበሩ አርሞ ሰጠ። የናስራ ግን ውሳኔ ተሰጥቶበታል። ለእሷ ሙሄዲን ሰባት ወር ተመላለሰ። እኔም አንድ ቀን ሄጄ መስክሬ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ለማኅበሩ ልጅ ይመሰክራል ወይ ተብዬ ተመልሻለሁ።

«ሂሻም የሚባለው የዚያ ቢሮ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም» አለ። «ሻይ ይጋብዘኝ ነበር። ‹ዝርዝሩን ማን ሠራው?› አለኝ። እኔ አልኩት። ‹ስህተቱንስ ማን አገኘው?› እኔ። ‹ልጅቷ ምንህ ናት?› እህቴ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ ‹ሙሄዲን፣ አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ትላለህ?› አለኝ። ምን ልበለው ጋሼ? እኔም በሱ ቦታ ብሆን ራሴን አላምንም። የልደት ወረቀት አምጣ አለኝ። ከዚያ በኋላ ቡክራ ና፣ ነገ ና ነው።»

ሸዋዓለም በመስኮቱ ሁለት ሻይ አቀበለችን። ሙሄዲን ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ ቆየ።

«እማዬ አልሄድም ብላ ነበር። ሐኪሙ የቀረው ዓይን እዚያ ካልታከመ ይጠፋል ሲል፣ ናስራ ናት እግሯ ላይ ወድቃ የለመነቻት። ትናንት አውሮፕላን ጣቢያው በር ጋ ስንደርስ እንደ ልማዷ ግራ እጇን ዘረጋች። ናስራ ሸኚ ከሚቆምበት ገመድ ወዲህ ቀርታለች። አብራት የምትበር አንዲት የማናውቃት ሴት ትከሻዋን ሰጠቻት። እማዬ ዳበሰችውና ‹ይሄ አይደለም› አለች። ይሄ አይደለም አለችና ሄደች።»

አላህ ይርዳት አልኩ በሆዴ።

«ናስራ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ክፍሏ ውስጥ ናት። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም። ሥራ ቦታ ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጣለሁ፣ ዓመት የሚባል ነገር ሳይ እጄ ይቆማል።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የትኛው በእኛ፣ የትኛው በፈረንጅ እንደሆነ እርስዎ በምን ነበር የሚለዩት? ምልክት የለውም።»

«ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ» አልኩት።

ይህችን ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብያለሁ።

«ሙሄዲን፣ ደብተሩን የወሰድክ ቀን ጠይቀኸኝ ነበር» አልኩት። «ምንጣፌ ላይ ሆኜ ዚክር ላይ ነበርኩ። ‹ጋሼ፣ ዓመቶቹ እንዳሉ ይግቡ አይደል?› አልከኝ። መስበሓዬ፣ መቁጠሪያዬ፣ በእጄ ነበር፣ ቁጥሬ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩልህ። እንድትሄድልኝ ነው የነቀነቅኩት። አንተ እሺ መሰለህ።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ውጪ የረክሻ ነጂዎች ስለ መንገድ ይጨቃጨቃሉ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህብኝ ደስ ባለኝ።

«አስታውሳለሁ» አለ። «ዚክር ላይ እንደነበሩም አውቅ ነበር። እስኪጨርሱ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ቸኮልኩ።»

ብርጭቆውን ከመሬት አንስቼ በመስኮቱ ለሸዋዓለም መለስኩላት።

«ለናስራ ነግረዋታል?»

«የለም። ዛሬ ሐጅ ዩሱፍ ሄጄ ልነግራት ነበር።»

«አይንገሯት» አለ ሙሄዲን፣ እየተነሳ። «እኔን መጥላት ለምዳዋለች። አሁን ከእርስዎ ሌላ ደጇን የምትከፍትለት ሽማግሌ የላትም። ይቅር፣ ጋሼ።»

በሩ ላይ ቆሞ መልሴን ጠበቀ። መስበሓው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ የምቆጥረውም ነገር አልነበረም። ራሴን ነቀነቅኩለት።