የራቢዓ ኢዳና የእኛ ራውተር

ባለቤቴ ዘላለም ያንን ራውተር ከአዲስ አበባ ገዝቶ ሲመጣ በአንድ ሰዓት ተክሎ የሚጨርሰው መስሎት ነበር። የሱ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው። የበር ማጠፊያ ሲጠግንም "አንድ ሰዓት ስጪኝ" ይልና ለሳምንት በሩን በድንጋይ ደግፈን እናድራለን።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። የስልኩን ሽቦ ከኋላው ሰካ፣ የኤሌክትሪኩን ማከፋፈያው ላይ ሰካ፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ ቆመ። "ይቺ መብራት አረንጓዴ ከሆነች አለቀ" አለ። መብራቷ ግን ቀይ እንደሆነች እስከ ምሳ አፈጠጠችብን። ከሰዓት በኋላ ሽቦውን ነቅሎ በሌላኛው ቀዳዳ ሲሰካው አረንጓዴ ሆነች። እኔም ምንም አላልኩም፤ ዝም ማለት የምችልባቸው ቀኖች ጥቂት ስለሆኑ ይመዝገብልኝ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ጥቅምት ነው። ደገኛው "በጥቅምት አንድ አጥንት" እያለ ሲንቀጠቀጥ እኛ ሸዋ ሮቢቶች ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ እንዞራለን። ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ የለም፤ የሚሠራው በመስመር ስልክ የሚገባው ብቻ ነው። ዘላለም የመስኖ ባለሙያ ነው፤ በርቀት ለሚማረው ትምህርት ብሎ መስመሩን ቀድሞ አስገብቶ ነበር። ከሳሎናችን ሳያልፍ፣ በሽቦ ለአንድ ላፕቶፕ ብቻ ሲሠራ ይበቃን ነበር። ራውተሩ የተገዛው ለትምህርቱ ሳይሆን ለራቢዓ ነው።

ራቢዓ ጎረቤቴ ናት። በአንድ አጥር ነው የምንለየው፤ በዚያ አጥር ላይ ያልተቀባበልነው ነገር የለም። ባሏ ሷሊሕ ማሾ ነጋዴ ነበር። ገበያ ላይ ሲጫረት ድምፁ ከመኪና መንገዱ ማዶ ይሰማል። ክረምቱ ሳይገባ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄደ። ከዚያ አብሮት የነበረ አንድ የካራቆሬ ልጅ ደወለና ጀልባዋ እንደተገለበጠች፣ ሷሊሕም ሲሰምጥ በዓይኑ እንዳየ ተናገረ። ሰፈሩ አለቀሰ። ሸኽ ሰዲቅ መጥተው ዱዓ ተደረገ። ራቢዓም ኢዳ ተቀመጠች። ባል የሞተባት ሙስሊም አራት ወር ከአሥር ቀን በባሏ ቤት ትቀመጣለች፤ አትኳልም፣ አታጌጥም፣ ለሠርግም ለገበያም ከደጅ አትወጣም።

እኔም ጠዋት ጠዋት እሷ ዘንድ ስቀመጥ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን የቤታችን ስልክ ጮኸ።

"ፀሐይ፣ ሷሊሕ ነኝ" አለኝ።

ድምፁ የሷሊሕ አልነበረም። እንደ ተሰነጠቀ ገል የሚንኳኳ፣ በየቃሉ መሃል የሚያስል ድምፅ ነው። ዓሣ አጥማጆች እንዳወጡት፣ የመን ውስጥ ታሞ እንደከረመ፣ የጨው ውሃውና ሳሉ ጉሮሮውን እንደበሉት ነገረኝ። ስልኩ ባሕር ገብቷል፤ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የእኛ ብቻ ነው።  የራቢዓን ቁጥር ሰጠሁትና በአጥሩ ላይ ጮኼ ጠራኋት።

አወሩ። እሷ ጠየቀችው፣ እሱ መለሰ። ስልኩን ስትዘጋ ግን ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

"ቃሉ የሱ ነው" አለችኝ። "ድምፁ የሱ አይደለም።"

የሷሊሕ ታናሽ ወንድም አብዱረሂም ደግሞ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ደላሎቹ የሞተ ሰው ቤት እየደወሉ "አለሁ" እንደሚሉ፣ የተስፈኛን ቤተሰብ እንደሚያልቡ ሰምቷል። "የጠየቅሽውን መለሰ አትበይኝ" አላት። "በረሃ አብሮ ያቋረጠ ሰው ምን የማይነጋገረው አለ? እዚያ ሰው ሚስጥሩን ሁሉ ያወራል።" ክፋት አልነበረበትም። ወንድሙን አንድ ጊዜ ቀብሮታል፤ ሁለተኛ መቅበር ፈርቶ ነው።

"እንግዲያው ፊቱን ልየው" አለች ራቢዓ።

እኛ ቤት መጥታ በላፕቶፑ እንድታየው ለመንኳት። ሸኽ ሰዲቅም ተጠይቀው፣ ችግር ያለባት ሴት በቀን ወጥታ ብትመለስ አይከለከልም አሉ። እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

"አውቃለሁ፣ ሸሁ እውነታቸውን ነው። ግን ከሞተ ቤቱን ጥዬ አልወጣም። ከኖረም ራሱ ያስወጣኝ።"

እንግዲህ እሷ ወደ ኢንተርኔቱ ካልመጣች ኢንተርኔቱ ወደ እሷ መሄድ ነበረበት። ዘላለም ራውተሩን ወደ ራቢዓ ግቢ በሚያየው መስኮት ላይ አስቀመጠው። ጠዋት እሷ ቤት ገብተን ስንሞክረው የዘላለም ስልክ ላይ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ መጣ። ሷሊሕም የየመን ወዳጁ ሱቅ ሆኖ፣ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በኢሞ ፊቱን እያሳየ ሊደውል ቀጠሮ ያዘ።

እዚህ ላይ የዘላለምን እናት፣ እማማ ደስታን ላስተዋውቅ። ከቀወት ገጠር መጥተው ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ራቢዓን እንደ ልጃቸው ይወዷታል፤ ማታ ማታ ስሟን በጸሎታቸው ሲያስገቡ እሰማለሁ። ራውተሩንም "እንግዳው" ነው የሚሉት። የራቢዓን ባል የሚያመጣው እሱ ነው ስንላቸው፣ አቧራ እንዳይነካው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር።

አርብ ደረሰ። ራቢዓ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አብዱረሂም እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። እኔና ዘላለም ስልኩን መሃላችን አድርገን ብንጠብቅ ምልክቱ የለም። ዘላለም ስልኩን አጠፋ፣ አበራ፣ ወደ ጣሪያው አነሳ። ጠዋት የነበረው ዋይፋይ ድራሹ ጠፍቷል። ሰዓቱ አለፈ።

"አላልኳችሁም?" አለ አብዱረሂም፣ ቀስ ብሎ።

ራቢዓ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 

አመሻሽ ላይ ቤት ስንገባ ራውተሩ መስኮቱ ላይ፣ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል። የመስመር ስልኩም ወዲያው ጮኸ። ሷሊሕ ነው፤ "ስደውል ዋልኩ እኮ፣ ምነው?" ይላል። ጥፋቱ የእኛ ነበር ማለት ነው። ዘላለም ራውተሩን አገላብጦ አየውና በዚያ የትምህርት ቤት ድምፁ አስረዳን።

"ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚጠፋ ከሆነ ሙቀቱ ነው። ሲግል ይደክማል።"

"እኔስ መች ጠፋኝ" አሉ እማማ ደስታ ከጥግ። "በእጄ ዳስሼው የለ? እሳት ነው የሚተፋው።"

ማናችንም ቀና ብለን አላየናቸውም። እስቲ በኢንተርኔት ጉዳይ አማቷን የምታማክር ሴት ትምጣና ትውቀሰኝ።

ቀጠሮው ለሚቀጥለው አርብ ተዛወረ። ራቢዓ የዚያን አርብ ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠርታኝ፣ "ፀሐይዬ፣ ይኼ የመጨረሻዬ ነው" አለችኝ። "ዛሬ ካልታየኝ ዳግም እንዳትነግሩኝ። ተስፋው ከሐዘኑ ባሰብኝ። ኢዳዬን በሰላም ልጨርስ።" እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

የዚያን ቀን ሙቀቱ ለጉድ ነው። በፈረቃ የሚመጣው ውሃም በጠዋት መጥቶ ስለነበር ያለንን ዕቃ ሁሉ ሞልተናል። ከመውጣታችን በፊት ዘላለም ራውተሩን አየው፤ መስኮቱ ላይ ነው፣ ምልክቱም አለ። ራቢዓ ዘንድ ሄደን ተቀመጥን። ትንሽ ቆየንና ምልክቱ አንድ አንድ እያለ ወርዶ ጠፋ።

ዘላለም ስለ ሙቀት ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት ጥዬው ተነሳሁ። ነጠላዬ ራቢዓ በር ላይ ወደቀ፤ አላነሳሁትም። እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። መስኮቱ ባዶ ነው።

ሌባ መስሎኝ ክው አልኩ። ዝቅ ስል ግን ጥቁሩ ሽቦ ከሶኬቱ ተነስቶ በግድግዳው ሥር ይሄዳል። እንደ ጥጃ ገመድ ተከተልኩት። በሩ ኋላ ወዳለው የእንስራ ቦታ ወሰደኝ።

እዚህ ቆላ ቤት ያለው ሁሉ የእንስራ ቦታውን ያውቀዋል። በእርጥብ አሸዋ ላይ እንስራዎቹ ይደረደራሉ፣ ሰውነታቸውም ያልበዋል፤ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ጥግ እሱ ነው። ቅቤው እንዳይቀልጥ እዚያ ነው፣ ፓፓያው እንዳይበላሽ እዚያ ነው። ትኩሳት የያዘው ልጅ እንኳ ጀርባውን ለእንስራ ሰጥቶ ይተኛል። ራውተራችንም እስከ አፋቸው በተሞሉ ሁለት ትልልቅ እንስራዎች መሃል፣ በተደፋ ሳህን ላይ ተቀምጧል። እማማ ደስታ አጠገቡ በርጩማ ላይ ሆነው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ቀስ በይ፣ ልጄ። አሁን ገና በረደለት።"

"እማማ፣ ባለፈውም አርብ እዚህ አድርገውት ነበር?"

"ታዲያስ። ሲግል አስጠጋዋለሁ፣ ሲበርድለት ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ለራቢዓ እንዳይደክምባት ብዬ ነው እንጂ።"

ውሃ የዋይፋዩን ሞገድ እንደሚበላው ዘላለም በኋላ አስረድቶኛል፤ እኔ ያኔ አላወቅኩም። ያወቅኩት መስኮቱ ላይ ሲሆን እንደሚሠራና አሁን ደግሞ እንደማይሠራ ነው። መቆጣት አምሮኝ ነበር፤ ግን ፊታቸውን አየሁት። በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ፊት ነው። "እግዜር ይስጥዎ እማማ፣ ድኗል" አልኩና ሽቦው እንዳይነቀል እያባበልኩ ወስጄ መስኮቱ ላይ መለስኩት። ከዚያ ተመልሼ ሮጥኩ።

በራቢዓ ደጅ ስገባ ስልኩ እየጮኸ ነበር።

ዘላለም አነሳው። መጀመሪያ የመጣው ፊት አልነበረም፤ ካሬ ካሬ ሆኖ የተቆራረጠ ነገር ነው። ግንባር ይመጣል፣ ይደርቃል፤ ጢም ይመጣል፣ ይጠፋል። አብዱረሂም አንገቱን አስግጎ አየና "ይኼ ማንም ሊሆን ይችላል" አለ። ግን ከበሩ አንድ እርምጃ ቀረበ።

"ወደ ራውተሩ ስትቀርቢ ምስሉ ይጠራል" አላት ዘላለም።

ራቢዓ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ዓይኗን ሳትነቅል ወደ መስኮቷ ተጠጋች፤ ግንባሩ ቆመ። ወደ በሩ ሄደች፤ ዓይኖቹ መጡ። ግቢውን አቋረጠች። እኛም ከኋላዋ ተከተልናት። የግቢዋን በር በትከሻዋ ገፍታ ወጣች፣ በአጥሩ ጥግ ዞራ በእኛ በር ገባች፣ ራውተሩ ያለበት መስኮት ሥር ስትደርስ ቆመች። ስልኩ ላይ የከሳ፣ ጉንጩ የገባ፣ ጢሙ ያደገ ሰው እያለቀሰ ያያታል።

"ምነው እንዲህ ከሳህ?" አለችው።

 ከሳህ የሚባለው በፊት የሚያውቁት ሰው ነው። ሷሊሕ ነው፤ በሕይወት አለ።

"ብርሃኑ በዛብኝ፣ በደንብ አላየሁሽም" አላት በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ። "የት ነሽ?"

ራቢዓ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። የእኛን የማንጎ ዛፍ አየች፣ ፀሐዩን አየች፣ ባዶ እግሯን አየች።

"ደጅ ነኝ" አለች። "ኢዳ ተቀምጬ ነበር።"

"የማንን ኢዳ?"

"ያንተን።"

ሷሊሕ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ሳቀ። ጉሮሮው ተሰነጣጥቆም ያው የማሾ ገበያው ሳቅ ነው፤ አብዱረሂም ሲሰማው አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በኩታው ሸፈነ። ራቢዓም ሳቀች፣ አለቀሰችም፤ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች፣ ደግሞ "ያ ካራቆሬው ምን ሆኖ ነው?" ትላለች። ዘላለም ዓይኑን እየጠረገ፣ አቧራው ነው አለኝ።

እማማ ደስታ ከእንስራው የቀዱትን ውሃ በጣሳ ይዘው ከውስጥ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

"ቆላ ላይ በዚህ ሰዓት ባዶ እግር አይቆምም፣ ልጄ። እንቺ፣ ቀዝቃዛ ነው" ብለው ጣሳውን በራውተሩ ላይ አሳልፈው ዘረጉላት። የእኔ ልብ ቀጥ አለ፤ ጠብታ ግን አልፈሰሰም።

ራቢዓ ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ፣ ባሏ እያያት ጠጣች። እማማም ራውተሩን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና ማራገቢያቸውን ከግድግዳው አውርደው፣ ወሬው እስኪያልቅ ቀስ እያሉ ሲያራግቡለት ቆዩ።