ከሮቢት ያላለፈው ቃል

ጤና ጣቢያው ውስጥ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አራጌ የመርፌ መቀቀያውን ከበድረዲን ኋላ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው። በድረዲን ከመቀመጫው ዘለለ።

«ይኸው! ደንቆሮ እንዲህ ይደነግጣል?» አለ አራጌ እየሳቀ። «ዛሬውኑ ከዘማቾቹ ጋር ይሳፈራል!»

የበድረዲን ሚስት መይሙና በሩ ላይ ቆማ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏታል። እውነቱን ለመናገር እሷም ባሏን አላመነችውም። ባለፈው መኸር ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታ ሰባት ቀን ራሱን ካሳተችው ወዲህ የአህያውን ጩኸት ይለያል፤ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ከመንገድ ይወጣል። ስታናግረው ግን «ነገራችሁ ሁሉ የወፍ ጫጫታ ሆነብኝ» ይላል። ራሱ አጥርቶ ይናገራል እኮ! ከብሔራዊ ውትድርና ለማምለጥ የዘየደው ቢሆንስ? ለእሷ እንኳ ሳይነግራት? ይኸ ሲያበግናት ከርሟል።

ጤና ረዳቱ ከማሉዲን መቀቀያውን አነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጆሮውስ ደህና ነው። ድምፅ ግን እንደ መኪና በየከተማው ያለውን ኬላ አልፎ ነው አንጎል የሚደርሰው። ዋጃ ላይ ያስደነግጣል፤ ቆቦ ላይ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ቃል ሆኖ የሚራገፈው ጎብዬ ሲገባ ነው። የዚህ ሰው ግን ጎብዬ ሳይደርስ ይቆማል፤ ከሮቢት አያልፍም።»

«ተረትህን ተወኝ!»

ከማሉዲን አራጌንና መይሙናን ወደ ደጅ ጠርቶ አንሾካሾከ። ሰምቶ ዝም የማይባል ነገር፣ ከኋላው ሆና፣ ሚስቱ ትንገረው።

«አዑዙ ቢላህ! በአፌ?» አለች መይሙና። ጎረቤት ትታት የመጣችው የሁለት ዓመት ልጃቸው ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት። ቢደነግጥ ጦር ሜዳ ይወስዱታል። ባይደነግጥስ? የቱን እንደምትመኝ ጠፋት።

ገብታ ከጀርባው ቆመች።

«በድረዲን... ኡሙሃኒ ሞተች። ልጃችን ሞተች።»

ወደ ድምፅዋ ዞረ። አራጌ አንገቱን አሰገገ።

በድረዲን ፈገግ አለላት። «ጨረሱ እንዴ? በይ እንሂድ፤ ኡሙሃኒ ታለቅሳለች።»

አራጌ ሳይወድ በግዱ ስሙን ከዘማቾቹ ዝርዝር ሰረዘ። መይሙና ተረፈልኝ ብላ እልል ማለት ነበረባት፤ እንባዋ ቀደማት። በልቧ ስታማው፣ ስትረግመው ነበር የከረመችው። እጁን ያዘችው።

«አውፍ በለኝ፣ በድረዲን። አላመንኩህም ነበር።»

«እንሂድ አልኩሽ እኮ» አላት።