ሃያ አራት ዶቃ

የምርምር ክፍላችን ኃላፊ አዲስ ሚውቴሽን አገኘሁ ያለ ጊዜ መጀመሪያ ያሠራው ባነር ነው። ጽሑፉ ገና ገምጋሚዎች እጅ ሳለ ባነሩ አሳንሰሩ ፊት ለፊት ተሰቀለ። በአንድ ጎኑ የታመመ ሳንባ ፎቶ አለ፣ በሌላው የእሱ። የእሱ ከሳንባው ይበልጣል።

በሌለበት «ሊቁ» እንለዋለን። ስሙን ያወጣችለት የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናት። እሷን ደግሞ ሁላችንም እትዬ እንላታለን፤ ከሁላችን በፊት እዚያ ክፍል የገባችና የጠፋ ነገር ሁሉ የት እንዳለ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ፍርድ እንዳላጓድል፣ ሰውየው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በፊት የጻፋቸውን ጥናቶች አንብቤአለሁ። የጻፋቸው ለእያንዳንዷ ነጥብ የሚጨነቅ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማንበቡን ትቶ መፈረም ጀመረ። ጸሐፊዋ የሚፈረምበት ቦታ ላይ ቢጫ ተለጣፊ ትለጥፋለች፣ እሱ ቢጫውን እየፈለገ ይፈርማል። አንድ ቀን በስህተት አቃፊው ውስጥ የገባ የካፍቴሪያ የምሳ ዝርዝር ሳይቀር ፈርሞ መልሷል። እትዬ ዝርዝሩን የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች፤ እስከ ዛሬ አልተነሣም።

የምናጠናው ጉበት ሠርቶ በደም ወደ ሳንባ የሚልከውን አንድ ፕሮቲን ነው። ሥራው ሳንባን መጠበቅ ነው። ፕሮቲን ማለት በክር ላይ በተራ የተሰካ ዶቃ ነው ብላችሁ አስቡት። አንዷ ዶቃ በሌላ ከተተካች፣ ሚውቴሽን የሚባለውም ይኸው ነው፣ ክሩ ይጣመምና ጉበት ውስጥ ተጠላልፎ ይቀራል። ሳንባው ያለ ጠባቂ ሲቀር ቀስ በቀስ ያልቃል። ሲጋራ አፉ ገብቶ የማያውቅ ሰው በአርባ ዓመቱ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል።

ሊቁ የሰባት በሽተኞችን ደም አስመረመረና በሰባተኛው ላይ ሦስት መቶ ስድሳ ስድስተኛዋ ዶቃ ተለውጣ አገኛት። መጽሐፍ አየ፤ በዚያ ቁጥር የተመዘገበ ሚውቴሽን የለም። መጽሐፍ ስል አንድ ነው፤ ተማሪ ሳለ የገዛው፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ። በቃ፣ አዲስ ነው አለ።

ሰባተኛው በሽተኛ የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው። በርና መስኮት የሚበይድ፣ ሲያወራ መሐል ላይ ቆም ብሎ አየር የሚስብ ቀልደኛ ሰው። ደም እንዲሰጥ የለመነችው እሷ ነበረች። «እህቴ መሥሪያ ቤት ቁጥር ሆኜ ተቀጠርኩ» ይላል። ሆስፒታሉ ለዚህ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት አለው፤ የጎደለውን ፕሮቲን በየሳምንቱ በደም ሥር ማንጠብጠብ ነው። የጠፋውን ሳንባ አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያቆያል። የመድኃኒት ኮሚቴው የሚፈቅደው ደግሞ ሚውቴሽኑ በታወቁት ዝርዝር ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። ከእኛ ክፍል በሊቁ ፊርማ የሄደው ደብዳቤ «አዲስ፣ ከዚህ ቀደም ያልታወቀ» ይል ነበር። የኮሚቴው መልስ አጭር ነበር፦ ያልታወቀ ከሆነ አንፈቅድም። ከዚያ ወዲህ አራት ወር አለፈ፤ ትንፋሹ በተለካ ቁጥር ውጤቱ ዝቅ ይላል።

በክፍሉ ጀማሪ ተመራማሪ የሆንኩትን እኔን ሊቁ ግኝቱን በሚያቀርብበት የሐኪሞች ጉባኤ ላይ የሚታየውን ሥዕል እንድሠራ አዘዘኝ። ክሩን ከነዶቃው፣ ያቺን የተለወጠች ዶቃ በቀይ። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም አሰልቺ ሥራ ስለማልጠላ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ዶቃዎች ፕሮቲኑን ከተሠራበት መርተው ከማውጣት በቀር ሥራ የላቸውም። እንደ አዲስ ሸሚዝ ምልክት ተቆርጠው ይጣላሉ። የድሮ መጻሕፍት ከተቆረጠ በኋላ ያለውን ብቻ ይቆጥራሉ። የእኛ ማሽን ግን ምልክቱንም ጨምሮ ከመጀመሪያዋ ዶቃ ይቆጥራል። ከሦስት መቶ ስድሳ ስድስት ላይ ሃያ አራት ቀነስኩ፤ ሦስት መቶ አርባ ሁለት። በዚያ ቁጥር ያለው ሚውቴሽን በዚህ በሽታ ከሚታወቁት ሁሉ የታወቀው ነው። የሊቁ መጽሐፍም ውስጥ አለ፤ ገጹ ላይ በወጣትነቱ በእርሳስ አስምሮበታል።

ሁለት ቀን መላልሼ አየሁት። የጠፋችው ዶቃ ያችው፣ በምትኳ የገባችውም ያችው። አሁን ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት መዝገብ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፏቸዋል። ለእትዬ ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋች።

«እንግዲህ ወንድሜን አራት ወር ሙሉ ያለ መድኃኒት ያስቀመጠው መቁጠር አለመቻል ነው?» አለችኝ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንዴ ሲሆን ለሐሙሱ ስብሰባ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። ሊቁ ጋ ገባሁ። በትሕትና፣ ሥዕሉን ዘርግቼ አስረዳሁት። እያየኝ አልነበረም፤ መስኮቱ ላይ የሚታየውን ክራባቱን ያስተካክል ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ይህን ፕሮቲን ስቆጥር አንተ ገና ጣትህን መቁጠር አልጀመርክም» አለኝ።

ሊሆን ይችላል አልኩት፤ ግን ከየት ጀምረው እንደቆጠሩ ነው የምጠይቅዎ። ጉባኤው በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ እናየዋለን አለ። ሰባተኛው በሽተኛ ሐሙስ ካለፈው ሌላ ወር መጠበቁ እንደሆነ፣ ሳንባው ደግሞ ጉባኤ እንደማይጠብቅ ነገርኩት። ተነፈሰ፤ ረዥም፣ ጤነኛ ትንፋሽ። «በጽሑፍ አምጣው» ብሎ በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ። በጽሑፍ አምጣው ማለት በእሱ ቋንቋ ሂድልኝ ማለት ነው። እኔ ግን ሰው ያለኝን የማደርግ ሰው ነኝ።

አንድ ገጽ ጻፍኩ። ለኮሚቴው ነው፦ ቀደም ሲል በክፍላችን ደብዳቤ የተገለጸው ሚውቴሽን በአቆጣጠር ልዩነት ምክንያት አዲስ ተብሎ ነበር፣ በእርግጥ ግን የታወቀው ነው፣ ስህተቱ የእኛ ነው። ጸሐፊዋ አንብባ ቀና ብላ አየችኝና ቢጫውን ለጠፈችበት።

በማግስቱ አቃፊውን ይዤ ስገባ ከፎቶ አንሺ ጋር ስልክ ላይ ነበር። ለጉባኤው መጽሔት የሚሆን ፎቶ ይመርጣል፤ የግራ ፊቱ ይሻላል የቀኝ ፊቱ እየተባለ ነው። የሰባተኛው በሽተኛ ደብዳቤ ነው፣ ላንብብልዎ አልኩት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ለእኔ ይሁን ለፎቶ አንሺው አላውቅም። ከቀኑ እስከ ግልባጩ ድረስ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቢጫውን አገኘና ፈረመ።

«ይላክ?» አልኩት።

«ይላክ፣ ይላክ። የግራው ይሁን።»

ኮሚቴው ሐሙስ ፈቀደ። በሳምንቱ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ክፍሉ ስህተቱን ሳይደብቅ ስላረመ ኮሚቴው ከልብ ያመሰግናል ይላል። ይህንን አነበበው፤ ስሙ ያለበት ምስጋና ሲሆን ያነባል። አስጠራኝ።

«ፊርማው የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«አታልለህ ነው ያስፈረምከኝ።»

«ቆሜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤልዎታለሁ። ጸሐፊዋም በሩ ክፍት ስለነበር ሰምታለች። አላነበብኩም፣ አልሰማሁም ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ እኔ አልክድም።»

ፊቱ ላይ ሐሳቡ ወዲህና ወዲያ ሲል ይታያል። የተሳሳተ ሊቅ መባልና ሳያነብ የሚፈርም ሊቅ መባል ተመዛዘኑበት። ያባርረኛል ብዬ ነበር፤ ሂድ ብቻ አለኝ። ምን እንዳሰበ የገባኝ በጉባኤው ዕለት ነው። ደረቱን ነፍቶ መድረክ ላይ ወጣና «በፕሮቲን አቆጣጠር ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች» በሚል ርእስ ንግግር አደረገ። አንድ ጥንቁቅ ተመራማሪ ሃያ አራት ዶቃዎችን በመጠራጠር አንድ በሽተኛ እንዴት እንዳዳነ ተረከ። ጥንቁቁ ተመራማሪ እሱ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ለማጨብጨብ እጄን አንሥቼ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠችው እትዬ መልሳ ጉልበቴ ላይ አደረገችልኝ።

የድሮው ባነር ወርዶ አዲስ ተሰቀለ። ሳንባው የለም፤ የግራ ፊቱ ብቻ ነው።

የእትዬ ወንድም አሁን በየሳምንቱ ማክሰኞ መድኃኒቱን ይወስዳል። ትንፋሹ አልጨመረም፤ መውረዱን ግን አቁሟል፣ ሐኪሙም ከዚህ በላይ ቃል አልገባለትም። ባለፈው ሳምንት እህቱን ሊያይ መጣና አሳንሰሩ ጋ ቆሞ አየር እየሳበ ባነሩን አነበበ።

«ያዳነኝ ይኼ ሰውዬ ነው?» አላት።

«አይ» አለች እትዬ፣ «እሱ የፈረመው ነው።»

ሳቀ። ሳቁ ትንፋሹን ወሰደበትና ግድግዳውን ተደገፈ። እስኪመለስለት ድረስ ሦስታችንም ባነሩ ሥር ቆመን ጠበቅን፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ። አሳንሰሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ።