የማይሰማው ጎኔ

ሥራዬ የሰው ገላ መፈግፈግ ነው። ሞክፖ በምትባለው ከተማችን፣ ወደቡ አጠገብ ባለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ በሴቶቹ በኩል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአረንጓዴው ሻካራ ጓንት የሰፈሩን ሴት ሁሉ እድፍ አውጥቻለሁ። የትኛዋ ተቀምጣ እንደምትውል፣ የትኛዋ ከባሏ እንደተኳረፈች፣ አፏ ባይነግረኝ ጀርባዋ ይነግረኛል። ባሌ ዶክቤ፣ የልጃችን የናምሂ አባት፣ ደግሞ ምድር ቤት ሆኖ የውሃ ማሞቂያውን ይጠብቃል። እሱ ያፈላል፣ እኔ እፈገፍጋለሁ። ደንበኞቻችን “ባልና ሚስት ተጋግዛችሁ እንደ ዶሮ ነጫችሁን” ይሉናል።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግራ ጡቴ ውስጥ ያለው እብጠት ካንሰር ነው ተባለ። ጓንጁ ከተማ ሆስፒታል ሄጄ ጡቴ ወጣ፤ በዚያው ቀን ከሆዴ ቆዳና ስብ ወስደው ሌላ ሠሩልኝ። የሠራችልኝ ዶክተር ሩ ረጋ ያለች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ከሆዴ ሥጋ ጋር አንድ ቀጭን ነርቭ አብራ አውጥታ፣ ደረቴ ላይ ከተቆረጠው ነርቭ ጋር እንደሰፋችው ነገረችኝ።

“ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ወይዘሮ ማልሱን” አለችኝ። “ከስድስት ወር በፊት ምንም አይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ስሜቱ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። አልዋሽዎትም።”

ስለ መልኩ ከሆነ ምን አጣሁ? አብራኝ የምትሠራው ቦክሺል መጀመሪያ ቀን ስታየው ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማ ቀረች።

“እትዬ፣ ግራሽ ልጅ፣ ቀኝሽ እናት መስለዋል እኮ” አለች።

“እናትየዋን አታስቀይሚያት።”

“ለኔም የሆዴን ትርፍ ወስደው እንዲህ ቢሠሩልኝ ካንሰሩን በወደድኩ።”

“አፍሽን ያዢ፣ አንቺ!” ብዬ በሳሙና ውሃ ረጨኋት። እሷ ግን ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ ዞር ብላ አለቀሰች። እንደሷ ያለ ሰው ነው ደግ።

የጎደለኝ ሌላ ነው። ጥርስ ለመንቀል መርፌ የተወጋ ከንፈር ታውቁ የለ? ከአንገቴ በታች፣ ከብብቴ ወዲህ ያለው ቦታ ሁሉ እንደዚያ ሆነ። ጡቱ የኔ ነው፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም። ክረምት ላይ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ምንጣፍ ላይ በግራ ጎኔ ተኝቼ ተቃጠልኩ፤ ውሃ መቋጠሩን ያየሁት በማግስቱ መስታወት ፊት ነው። የሰውን ሁሉ ገላ የማውቅ ሴት የራሴን ገላ በዓይኔ መጠበቅ ጀመርኩ።

ሆዴን የሚበላው ግን ምንጣፉም ቃጠሎውም አይደለም፣ የዶክቤ እጅ ነው። በተጋባን ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ብንጣላም ብንታረቅም፣ እሱ የሚተኛው መዳፉን ግራ ጡቴ ላይ አሳርፎ ነበር። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለሱ የተረቱት ይመስለኛል፤ “እወድሻለሁ” ብሎኝ አያውቅም። ማሞቂያው ስር ሲሠራ የዋለ እጁ ግን እንደ ትኩስ ድንች ይሞቅ ነበር፣ እሱ ሲያርፍብኝ ቀኑ አለቀ እላለሁ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። ከሆስፒታል ከተመለስኩ ወዲህ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይተኛል። የሆዷን ሥጋ ማን ይዳብሳል ብሎ ይሆናል አልኩ። ጠይቀው አላውቅም። ሰው እጅ ለምኖ ይወስዳል? እንዲያው ግን ናፈቀኝ። እዚያው አጠገቤ ተኝቶ እያንኮራፋ፣ እንደ ሞተ ሰው ናፈቀኝ።

ዶክተር ሩ የሰጠችኝ ልምምድ ነበር። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መጀመሪያ ቀኙን ከዚያ ግራውን በጥጥ፣ ቀጥሎ በሕጻን የጥርስ ብሩሽ መነካካት። እየነካሁም “ይሄ ጥጥ ነው፣ ይሄ ብሩሽ ነው” እያልኩ ለጭንቅላቴ ማስተማር። አሥር ወር ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ዶክቤ በበሩ ሲያልፍ “ከማን ጋር ነው የምታወሪው?” ይለኛል።

“ከጡቴ ጋር።”

“መለሰልሽ?”

“አንተን ነው የመሰለው፣ አይመልስም።”

በአሥረኛው ወር ለምርመራ ጓንጁ ሄድኩ። ዶክተር ሩ ለትምህርት ወጥታ ስለነበር የተቀበለኝ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ወላጆቹ ሕጻን ሆኖ ካናዳ ወስደውት፣ እዚያ አድጎ ተምሮ፣ አገሩ ከገባ ዓመት ያልሞላው ልጅ። ቋንቋችንን ሲናገር ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። ዓይኔን በጨርቅ ሸፍኖ፣ አንዷን ሙቅ ውሃ አንዷን የበረዶ ውሃ የያዙ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች እያፈራረቀ ይነካኝ ጀመር።

“እናቴ፣ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?”

ቀኙን ሁሉንም መለስኩ። በግራው ምንም። አሁንም ምንም። ከዚያ ወደ ብብቴ ጠጋ ባለ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሲደርስብኝ፣ ሳላስበው ከአፌ “አይ፣ ሺዎን ነው” የሚል ቃል ወጣ። ሺዎን በቋንቋችን በቁሙ ቀዝቀዝ ያለ፣ ነፋሻ ማለት ነው። የእርሳሱን ድምፅ ሰማሁ፣ ጻፈ።

ሲጨርስ ዓይኔን ገልጦ ከጎኔ ተቀመጠ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ተጨንቆ ነው የነገረኝ።

“አንድ ቦታ ላይ ብቻ መልሰዋል፣ እናቴ። እሱንም ሙቁን ቀዝቃዛ ብለውታል። ነርቩ መንገዱን የሳተ ይመስላል። ብዙ ባይጠብቁ ይሻላል።”

አመስግኜው ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ጥጡን ጣልኩ፣ በብሩሹ የዶክቤን የሥራ ጫማ ጠረግሁበት። የተሰማኝ ምን እንደነበር እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም፤ የተማረ ሰው ስህተት ነው ካለ ስህተት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያንን ጎኔን አልነካሁትም።

አንድ ቀን ጠዋት ሰማንያ ያለፋቸው ደንበኛችን እሜቴ ጎም፣ ቦክሺል እንኳ ጣቷን የማትነክርበት የሚፋጅ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው፣ እንደ በርበሬ ቀልተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው “እሰይ፣ ሺዎን ነው!” አሉ። እኛ አገር ሁሉም ሰው እንዲህ ነው። የሚያቃጥል ሾርባ ጠጥቶ ሺዎን ነው ይላል፣ ጀርባውን ሲታሽ ሺዎን ነው ይላል። አንጀት ሲርስ የሚባል ነው፤ ለበረዶና ለነፋስ ከምንለው ይልቅ ለሙቅ ነገር የምንለው ይበዛል።

እኔ የያዝኩት ባልዲ ከእጄ ወደቀ።

“ምን ሆንሽ፣ እትዬ?” አለች ቦክሺል።

“ሐኪሙ ሙቁን ሲያስነካኝ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ሺዎን ነው አልኩት።”

ቦክሺል መጀመሪያ አልገባትም፣ ሲገባት እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

“እና ቀዝቃዛ ብሎ ጻፈው? ያ የካናዳ ልጅ?”

“ጻፈው።”

“አንቺስ ምን ነበር የተሰማሽ?”

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ቀን ግን አፋፍ ወጥቼ ቃሌን ፈለግሁት። ብልቃጡን አስታወስኩ። ሙቅ ነበር። ሞቆኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ ለቅሶ የተቀመጥኩት ላልሞተ ነገር ነው።

ዶክተር ሩ በተመለሰች ሳምንት ምርመራውን ደገመችልኝ፤ ነገሩን ስነግራት ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። የነቃው ቦታ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም፣ ግን ነቅቷል። ልምምዱን ቀጥይ ተባልኩ። አዲስ ብሩሽ ገዛሁ። ለዶክቤ ስነግረው “ጥሩ ነው” ብሎ ወደ ማሞቂያው ወረደ። ያን ቀን ደርሶ ቢነካኝ ምን ነበረበት? አልነካኝም፤ ሲመሽም ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም ለማን ብዬ ነው የማነቃው እያልኩ፣ እያኮረፍኩም ቢሆን፣ ጥጡን አልተውኩም።

አራት ወር አለፈ። ሰኞ መታጠቢያ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ምሳ በልተን ወለሉ ላይ ጋደም አልን። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። በእንቅልፌ መሐል አንድ ክብደት መጣብኝ፣ ቀጥሎ ሙቀት። ብርድ ልብሱ ታጥፎ ነው ብዬ ልገፋው ስል እጄ እጅ ያዘ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ዶክቤ ወደኔ ዞሮ ተኝቷል። ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው እጁን ሊነጥቅ ሞከረ፣ አልለቀቅኩትም።

“ነቃሽ?” አለኝ።

“ነቃሁ።”

“በምን ነቃሽ?”

“በእጅህ።”

ጆሮው ቀላ። “ተሰማሽ?” አለ፣ ድምፁ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

“መጀመሪያ አንተ መልስ። ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከሆስፒታል ከወጣሽ ጀምሮ። እንቅልፍ ሲወስድሽ እዞራለሁ።”

“ሁልጊዜ?”

“ማሞቂያው የተበላሸ ሳምንት ቀርቻለሁ። እጄ ቀዝቃዛ ነበር።”

“ነቅቼ እያለሁ ለምን አታደርገውም ነበር፣ የናምሂ አባት?”

“ነቅተሽ እጄን እያየሽው ሳይሰማሽ ቢቀርስ?” አለኝ። “ያን ጊዜ የሚኖርሽን ፊት እኔ ማየት አልችልም።”

አሥራ ስድስት ወር ሙሉ ተጠየፈኝ ብዬ ያማሁት ሰው! ያ የናፈቀኝ እጅ ዕለት ዕለት ይመጣ ነበር፤ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ማልቀሴን ያወቅሁት ጆሮዬ ሲርስ ነው።

“አንሳው” አልኩት።

ደንግጦ አነሳ።

“አሁን መልሰው። ሲመጣ ልወቀው።”

ቀስ ብሎ መለሰው። በአውራ ጣቱ በኩል ሙቀቱ ገባኝ፤ ሌሎቹ አራቱ ጣቶች ገና አልደረሱም። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

“እንደገና” አልኩ።

አንስቶ መለሰው።

“እንደገና።”

“ስንት ጊዜ ላድርገው?”

“ያልተሰማኝን ያህል” አልኩት።