አጅሬ እምቢ አለ

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ ቀደም ብሎ ገባ፤ ገብቶም አልወጣም። በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ማድረቂያው ማሽን ተቃጠለ። ጠጋኙ መጥቶ አየውና መለዋወጫው የለም ብሎ ሄደ። ልብሱ በጣሪያው ሥር በተወጠረው ገመድ ላይ ቀንም ሌትም እንደተሰቀለ ነው፤ አይደርቅም። ቤቱ እርጥብ እርጥብ ሸተተ። ደንበኛ ሸሸ። በዚያው ሰሞን የአጣቢዋ ታናሽ ወንድም የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራበት የነበረው ድርጅት ቅርንጫፉን ዘጋ። ወንድምየው የቤት ኪራዩ ሲከብደው ኮምፒውተሩንና ሻንጣውን ይዞ ወደ እህቱ መጣ። እህቱ ከልብስ ማጠቢያ ቤቷ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል አጸዳችለት። ምንም አልጠየቀችውም። አንሶላ አነጠፈችና፣ ጣሪያው በዚህ በኩል ያፈሳል፣ ራስጌህን በዚያ በኩል አድርግ አለችው።

እሷ ናት ያሳደገችው። እናታቸው በታመመች ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ቤት መዋል ነበረበት። እሷ ስምንተኛ ክፍል ልትጨርስ ነበር፤ እሱ ገና ፊደል ይቆጥራል። "አንተ ሂድ፤ እኔ በኋላ እደርሳለሁ" አለችው። ደብተሯን ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣችና የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች። እናታቸው ካረፈች በኋላም ያ "በኋላ" አልመጣም። ማታ ማታ እሷ ቆማ ስትተኩስ እሱ ከጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብሎ የዕለቱን ትምህርት ይነግራታል። ዛሬ ምን ተማርክ ትለዋለች። ይናገራል። ያልገባው ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል። እሷም ቀና ሳትል "ከዚያስ?" ትለዋለች። "ከዚያስ?" ካለች መሸሻ የለም፤ ወይ ይናገራል፣ ወይ በማግሥቱ ጠይቆ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ኮሌጅ ጨረሰ። ዕዳው ይህ ነበር። እሷ አንድም ቀን አላነሳችበትም፤ እሱ ደግሞ አልረሳውም።

እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ሲሰለቸው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አናጢ ሄደ። አናጢው የአንዱን ቁም ሳጥን በሌላው ልክ ሠርቶ ከደንበኞቹ ጋር አንገት ለአንገት ሊተናነቅ ደርሶ ነበር። ወንድምየው በርጩማ ስቦ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠይቀው ጀመር። ትእዛዝ ሲመጣ ማን ይቀበላል? ከዚያስ? ልኩን ማን ይይዛል? ከዚያስ? አናጢው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ በመጨረሻ ልኩን ጠረጴዛው ላይ ባለው የእንጨት ብናኝ በጣቱ እንደሚጽፈውና በሩ ሲከፈት ነፋሱ እንደሚወስድበት አመነ።

ወንድምየው በአናጢው ስልክ ላይ አንድ ነገር ሠራለት። ትእዛዝ ሲገባ ፎቶው፣ ልኩ፣ የሚወሰድበት ቀን አንድ ቦታ ይቀመጣል። የእንጨት ቆራጩ ሥራ ሲያልቅ ስልኩ ራሱ ቀለም ቀቢውን ይጠራዋል። ሌላ ተአምር የለበትም። አናጢው ከፈለው፤ ከፍሎም አልቀረ፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ ነገራት። ዳቦ ጋጋሪዋም አሠርታ ለመነጽር ሠሪው ነገረችው። ደመወዝ አይደለም፤ አንዱ ወር ይሞላል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። ቢሆንም አለቃ የለበትም፤ ሥራው የራሱ ነው። ሠፈሩ "ከዚያስ" የሚል ስም አወጣለት። ከዚያስ መጣ፣ ከዚያስ ሄደ ይሉታል። እህቱ ይህን ስትሰማ፣ ለካ እኔ ያን ሁሉ ዘመን በነጻ ስሠራ ኖሬያለሁ ብላ ሳቀች።

በመንገዱ ጫፍ ያለው ትምህርት ቤት አጥሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ላቋረጡ ሰዎች የማታ ትምህርት አለ፤ ምዝገባው ክረምቱ ሳይወጣ ይዘጋል። ወንድምየው አነበበው። እህቱም እንዳነበበችው ያውቃል። የታጠበ ልብስ ተሸክማ በዚያ ስታልፍ እርምጃዋ ይቀንሳል። አንድ ቀን እዚያው ቆማ ሸክሟን ከትከሻ ወደ ትከሻ ስታዛውር አያት። ሸክሙ ከባድ አልነበረም።

ማታ የምዝገባውን ነገር አነሳባት። በየትኛው ማታዬ አለችው። እውነቷን ነው። ትምህርቱ በሚጀመርበት ሰዓት እሷ ገና የመጀመሪያውን ሸሚዝ ነው የምትዘረጋው። ሰው ሁሉ መቼ ይደርሳል ይላታል፤ እሷም ለሰው ሁሉ ነገ ትላለች። ገመዱ ሞልቶ ቢንጠባጠብም ነገ ነው። ያንን ነገ ለማድረስ ማታዋን ሁሉ ካውያው ላይ ትጨርሳለች።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ምዝገባው ሳይዘጋ የእህቱን ማታ ማስለቀቅ አለበት። ዘንድሮ ካለፈ "በኋላ" የሚባለው ነገር እንደማይኖር ሁለቱም ያውቁታል።

እንደሌሎቹ ልሥራልሽ ሲላት፣ ልብስ ለማጠብ ሳሙና እንጂ ስልክ አያስፈልገኝም አለች። ዘዴ ፈለገ። ሌሎች ልብስ አጣቢዎች ከማሠራታቸው በፊት አንድ የሚሠራበት ቤት ማየት ይፈልጋሉ፣ ለእኔ ሥራ ስትይ እሺ በይኝ አላት። ለእሱ ሥራ ከሆነ እሺ አለች። ለራስሽ ነው ቢላት ኖሮ እስከ ዛሬም አትሰማውም ነበር።

ሳይውል ሳያድር ሠራው። ልብስ ሲገባ ስልኩን ትነካለች፤ ሲታጠብ፣ ሲሰቀል፣ ሲተኮስም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ "ተዘጋጅቷል" የሚለውን ስትነካ ለደንበኛው መጥተህ ውሰድ የሚል መልእክት ይሄድለታል። እህቱ ቶሎ ለመደችው። ከአናጢው በጣም ትፈጥናለች። ወንድምየው ጣቷን ሲያይ ደስ አለው።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ። ነርሷ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ሌሎችም ዣንጥላ ይዘው ስልካቸውን እያሳዩ ቆመዋል። ልብሳቸው ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሾፌሩ እርጥቡን ሱሪ ተቀብሎ፣ ሞተሩ ላይ አደርቀዋለሁ ብሎ ሄደ። ነርሷ ነጩን ጋውኗን ከእነውሃው አየችው፤ ገመዱ ላይ ትታው ባዶ እጇን ሄደች። ከስድብ የባሰው እሱ ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወንድምየው ስልኩን ተቀብሎ መረመረው። እህቱ እያንዳንዱን ልብስ፣ ገና ከባለቤቱ እጅ ስትቀበል፣ "ተዘጋጅቷል" ብላ ነክታለች።

"እትዬ፣ ሳይታጠብ ተዘጋጅቷል ትያለሽ?"

"ነገ ይደርሳል ብያቸዋለሁ'ኮ።"

"ብለሻል። ልብሱ ግን አልታጠበም።"

"እኔ አንዴ ቃሌን ከሰጠሁ አለቀ። ደግሞ ምን ቀረ?"

"ማጠቡ ቀረ።"

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እሱ ግን ብዙም አልሳቀም። ክፍሉ ገብቶ ሲያስበው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባው። አናጢው ቤትም ዳቦ ጋጋሪዋ ቤትም ከሁሉ በፊት ጥግ ላይ ተቀምጦ አይቷል። እህቱ ቤት ግን አልተቀመጠም። አውቃታለሁ ብሎ።

በማግሥቱ በርጩማውን ይዞ ወደ ልብስ ማጠቢያው ገባ። መተላለፊያ ዘጋህብኝ፣ መቀመጥህ ካልቀረ ካልሲ አዛምድ አለችው። ካልሲ እያዛመደ ሲያያት ዋለ።

እጇ እንከን አልነበረውም። ማጠቧ ፈጣን ነው፣ አተኳኮሷ የታወቀ ነው። ነገሩ ያለው አፏ ላይ ነው። ሰው ልብሱን አስቀምጦ ለነገ አድርሺልኝ ሲላት ከንፈሯ ለእምቢታ ይገጥማል። የሰውየው ፊት ትንሽ ጠቆር ካለ ደግሞ መልሶ ይፈታል። አስተናጋጁ የጠረጴዛ ጨርቅ ተሸክሞ ገባ። እህቱ ዞራ ገመዱን አየች። ሙሉ ነው። "ነገ ና" አለችው። እንግዲህ ለማንም እምቢ ብላ አታውቅም። ለእናታቸውም አላለች፤ ለእሱም አላለች። ወንድምየው አንዷን ካልሲ እንደያዘ አቻዋን መፈለግ ትቶ ቆየ።

ያንን የሠራውን አፈረሰው። አዲሱ ሥራ እህቱን አይጠይቅም፤ ገመዱን ነው የሚጠይቀው። እያንዳንዱ ገመድ በዝናብ ቀን ምን ያህል ልብስ ሊያደርቅ እንደሚችል አስልቶ አስገባ። ልብስ በገባ ቁጥር ቦታው ይቀንሳል። ገመዱ ሲሞላ "ነገ" የሚለው ከስልኩ ላይ ይጠፋል፤ የሚታየው ቀጥሎ ያለው ክፍት ቀን ብቻ ነው። "ተዘጋጅቷል" የሚለውም ልብሱ ተተኩሶ መደርደሪያው ላይ ፎቶ ካልተነሳ በቀር አይነካም። ሲጨርስ ስልኩን ሰጣትና በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

አስተናጋጁ ሌላ ክምር ይዞ መጣ። ለነገ አላት። እህቱ ስልኩን ነካች። ነገ የለም። ወደ ላይ ሳበችው፣ ወደ ታች ሳበችው። የለም። ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ እንደገና ነካች። አስተናጋጁ ይጠብቃል። ወንድምየው ካልሲ የሚያዛምድ መስሎ አቀርቅሯል፤ አሁን ስልኩን ትታ "ነገ" ካለች ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

"እኔስ እሺ ባልኩህ ነበር" አለች በመጨረሻ። "አጅሬ እምቢ አለ።"

"አጅሬ ማነው?"

ስልኩን አዞረችለት። "ይኸው። ዓርብ ና ይላል። አንዴ እምቢ ካለ አለ ነው፤ አመሉ ነው።"

አስተናጋጁ ስልኩን በጥርጣሬ አየው፤ ከእሱ ጋር መከራከር እንደማይቻል ገባው፤ እሺ ለዓርብ ይሁን ብሎ ወጣ። እህቱ በሩን እያየች ቆየች። ሰውየው አልተቀየማትም። እንዲያውም ሲወጣ አይዞሽ የሚል ፊት አሳይቷታል፤ ከክፉ ሰው ጋር እንደምትኖር ሁሉ።

ከዚያ ወዲያ አጅሬ የቤቱ ሰው ሆነ። ዳቦ ጋጋሪዋ የእኔን አስቀድሚልኝ ስትላት፣ አንቺንማ ባስቀደምኩ፣ አጅሬን ለምኚው ትላታለች። ለቸኮለው ሾፌር፣ አጅሬ ዛሬ ፊቱ ከብዷል፣ ባትነካካው ይሻልሃል ትለዋለች። ጎረቤት ባልዲ ልትዋስ ስትመጣ ሳይቀር አጅሬ እምቢ አለ አለች። አጅሬ ስለ ባልዲ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ወንድምየው ይህን ሰምቶ ቀና ሲል ጥቅሻ ጣለችለት። ልብሱም በተባለው ቀን ደርቆ፣ ተተኩሶ መገኘት ጀመረ። ነርሷ ተመለሰች። ወሬው ሲዞር ልብስ ሰፊውና ጫማ ሠሪው ለእኛም እምቢ የሚል ሥራልን እያሉ መጡ። ወንድምየው ለእያንዳንዳቸው በርጩማውን ይዞ ሄደ። ካገኘው ላይ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፈነ።

አመሻሹ ላይ ካውያው መብረድ ጀመረ። እህቱ ማታዋን ምን እንደምታደርገው ጨነቃት። የተወለወለውን ወለል ደግማ ወለወለች። ሳሙናውን በመጠኑ ደረደረች፤ አፍርሳም በቀለሙ ደረደረች። ወንድምየው ታግሶ ታግሶ፣ ምዝገባው ነገ ያበቃል አላት። መወልወያውን እንደያዘች ቆመች።

"ከልጆች ጋር ልቀመጥ?"

"ከኋላ ተቀመጪ።"

"ይስቁብኛል።"

"ይሳቁ። አንቺ በእኔ ስንት ዘመን ስቀሻል።"

"በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል፣ ምሁሩ?"

"በኋላ እደርሳለሁ ብለሽኝ ነበር" አላት። ድምፁ ትንሽ ሻከረ። "ቃልሽን ሰጥተሻል። አንቺ ቃል ከሰጠሽ አለቀ አላልሽም? ማጠቡ ብቻ ነው የቀረው።"

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሽርጧን ፈትታ አጠፈችው፤ ከዚያም ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

"አጅሬስ ምን ይላል?" አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር።

ወንድምየው ስልኩን አንስቶ አየ። ገመዱ ሙሉ ነበር። ነገ የሚባል ነገር አይታይም።

"ነገ ክፍት ነው ይላል" አላት።

ትምህርቱ በተጀመረበት ማታ ወንድምየው ሱቁን እሱ ዘጋ። የቀሩትን ሸሚዞች ሊተኩስ ተነሳና አንዱን ኮሌታ አሳረረ። የማን እንደሆነ ሲያይ የራሱ ነው፤ ተመስገን ብሎ ቀጠለ። ምግብ አሙቆ ክዳን ደፋበት። ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጦ ነበር። እህቱ ደብተሯን ከኮቷ ሥር ደብቃ ገባች። ጫማዋ ረጥቧል፤ ደብተሩን ውሃ አልነካውም። ክዳኑን ገልጣ አየች፤ እሱንም አየችው። ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች።

"ዛሬ ምን ተማርሽ?" አላት፣ ከሸሚዙ ላይ ቀና ሳይል።

መጉረሷን አቆመች። ይቀልድብኝ ይሆን ብላ አየችው። አይቀልድም።

"ሒሳብ" አለች። "የማይታወቅ ቁጥር አለ። ፈልጉት ይሉናል። በዚህ በኩል ያለውን ወደዚያ ስታሻግረው መደመሩ መቀነስ ይሆናል።"

"እሺ።"

"ከዚያ ደግሞ በሁለቱም በኩል..." አለችና ቆመች። ጣቷ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ጽፎ አጠፋ። ቦታው ያልገባት ቦታ ነበር። ወንድምየው ያቺን ዝምታ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል።

ካውያውን እጅጌው ላይ አሳልፎ መለሰው።

"ከዚያስ?" አላት።